ሳይወዱ በግድ ኦንላይን

ማኅበራዊ ሚዲያ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ወዶ ይገባል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ስለገባ ይገባል። ስለ መጀመሪያው መጻፍ አያስፈልግም፤ እሱው ስለ ራሱ በየሰዓቱ እየጻፈ ነው። ሁለተኛው ግን ዝምተኛ በመሆኑ ብዙ አይታወቅም። ጠባዩን፣ አገባቡንና ከገባ በኋላ የሚያየውን መከራ ለማጥናት እንደ ቦምቤ ያለች ከተማ ትመቻለች።

ቦምቤ በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ የሚነሳ መንገደኛ በአረካ በኩል ይደርስባታል። ከቦሎሶ ሶሬ ተከፍሎ የወጣው ይህ ወረዳ ስሙ ሲነሳ የኖረው በዝንጅብል ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአጠውልግ በሽታ ዝንጅብሉን ሲመታው የብዙ ቤት ገቢ ተናጋ። ወላይታ ከዚያ በፊትም ቢሆን ልጆቹን ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች እየሸኘ የኖረ አገር ነው። በኋላ ደቡብ አፍሪካና ዐረብ አገር ተጨመሩ። ይህ ከፌስቡክ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ ቤተሰቡ ባይበተን ኖሮ የቦምቤ እናት ስማርት ስልክ ለምን ትይዝ እንደነበር ይንገረን።

እናቶች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ልጇ ከጆሃንስበርግ ስልክ ገዝቶ፣ በሰው ልኮ፣ የጎረቤት ልጅ እንዲያስተምራት አደራ ይላል። እናት ይህን ማኅበራዊ ሚዲያ ብላ አትቆጥረውም፤ ልጇ ከሳ ወይስ ወፈረ የሚለውን የምታረጋግጥበት መስኮት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በር ግን ሌላ ነው። ድሮ የስብሰባ ጥሪ ማኅተም ተመቶበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ዛሬ ማታ በአራት ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይወድቅና ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ስም ይጠራል። አልደረሰኝም ማለት ለአንድ ጊዜ ያስኬዳል። ለሁለተኛው ጊዜ «አንተ ለምን ግሩፑ ውስጥ የለህም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው ደግሞ ኃላፊው ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በቴሌግራም ቦት መታየት ከጀመረ ወዲህ ወላጅም አልቀረም። ዕድርተኛውም የቀብር ሰዓት በግሩፕ ሲነገር አንድ ጊዜ ካመለጠው በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ይዞ ይታያል።

እዚህ ላይ እስኪደረስ ግን ብዙ ይታገላል። ፌስቡክ ተማሪ ቤት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2006 በሩን ለሁሉም ሰው ከከፈተ ወዲህ፣ ያልገባ ሰው ባለመግባቱ ሲኮራ ኖሯል። «የሥራ ፈት ነው»፣ «ካርድ ይበላል»፣ «ትዳር ያፈርሳል» ይላል፤ በተለይ ሦስተኛውን ሲናገር ምሳሌ አያጣም። የሚገርመው ፌስቡክ የሌለው ሰው ፌስቡክ ላይ የሚባለውን ሁሉ ማወቁ ነው። ቡና ላይ ሌሎች ስልካቸውን ሲያሳዩት ያያል፣ ያነባል፣ ይፈርዳል፤ ዳታው የሚቆጥረው ከሌላ ሰው ኪስ ነው። እንዲህ ያለ ኑሮ ለምን እንደሚቋረጥ ለመረዳት በእርግጥ ያስቸግራል።

አካውንት የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ሞባይል ቤት ነው፤ ሽፋን የሚሸጥበት፣ የተሰበረ መስተዋት የሚቀየርበት፣ ከፍሎ ቻርጅ የሚደረግበት። ጡረታ የወጣ መምህር ስልኩን በባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ የድሮ ተማሪው የሆነው ባለሱቅ ያነሳዋል።

«ጋሼ፣ ስም?»

መምህሩ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በሙሉ ያስመዘግባል፤ ገጹ የሚቀበለው ሁለት ነው፣ አያትየው ይቀራሉ።

«የትውልድ ዘመን?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ቀኑስ፣ ጋሼ?»

«ክረምት ላይ ነው፣ እናቴ ዝናብ ነበር ብላለች።»

ባለሱቁ ዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን ጃንዋሪ 1 ይነካል። ዓመቱንም እንዳለ 1952 ብሎ ይጽፈዋል። በዚህ ቅጽበት ሁለት ነገር ይፈጸማል። አንደኛ፣ መምህሩ በአሜሪካኖቹ መዝገብ ስምንት ዓመት ያረጃል። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ታኅሣሥ 23 በደረሰ ቁጥር፣ ከእሱ ጋር በአንድ ቀን ከተወለዱ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር፣ እንኳን ተወለድክ ይባላል፤ ማን እንደተወለደ ግራ ቢገባውም አሜን ይላል። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ለሕፃናት ደግሞ በጎ አስተዋጽኦ አለው። ፌስቡክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀበልም፤ የትውልድ ዓመቱን በአገሩ አቆጣጠር የሚጽፍ ባለ 6 ዓመት ልጅ ግን አንዲት ቃል ሳይዋሽ ይገባል።

የይለፍ ቃል የሚሆነው የስልኩ ቁጥር ነው፣ እንዳይረሳ። ባለሱቁ ያውቀዋል፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉም እንደዚያው። ምስጢር ስለ መጠበቅ የሚሰጠው ትምህርት በዚሁ ይጠናቀቃል። ለፕሮፋይል የሚሆን ፎቶ ሲፈለግ ከሥልጠና የምስክር ወረቀት ላይ የተነሳ ጉርድ ይገኛል፤ እሱ ከታጣ የአጆራ ፏፏቴ ይገባል። በወላይታና በቀድሞው የከምባታ ጠምባሮ ዞን መካከል የሚወርደው ይህ መንትያ ፏፏቴ ስንት ሰው ፊቱን እንደሸፈነበት ቢያውቅ ኖሮ ኪራይ ይጠይቅ ነበር።

ሳይወድ የሚገባ ሰው ቀጥሎ የሚመኘው ነገር በጸጥታ መግባት ነው። ይህ ምኞት የሚሳካበት ቦታ የለም። ቴሌግራም አዲስ ሰው ሲገባ የዚያን ሰው ቁጥር በስልኩ ላስመዘገበ ሁሉ እገሌ ቴሌግራም ጀምሯል ብሎ ይናገራል። ቦምቤ ውስጥ የአንድ መምህር ቁጥር ያልያዘ ማን አለ? የቀድሞ ተማሪ፣ የዕድር ጸሐፊ፣ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ማዳበሪያ የጫነ ሾፌር፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይሰማሉ። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» የሚል መልእክት ከአንዱ ይመጣል፤ ከሌላው ደግሞ «ያችን ነገር እንዴት አደረግሃት?» የሚል። ፌስቡክም ስልኩ ውስጥ የተጻፉትን ቁጥሮች እንዲያይ ከተፈቀደለት (ባለሱቁ ሁሉንም «እሺ» ብሏል) ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች እያለ ፎቶ ይደረድራል። አብዛኛዎቹን በእርግጥ ያውቃቸዋል፤ አንዳንዶቹን ሲያይ መንገድ ሲሻገር የኖረውም ስለሚያውቃቸው ነው።

የጓደኝነት ጥያቄ መቀበልም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከተማ ውስጥ አማትና አማች፣ አስተማሪና ተማሪ፣ ወንጌላዊና መዘምር በሚገባቸው ልክ ይነጋገራሉ፤ መነሳት ያለበት ይነሳል፣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ዝቅ ያደርጋል። ፌስቡክ ላይ ግን የሚነሳለት ወንበር የለም። አማችየው ለአማቱ ጥያቄ ቢልክ ድፍረት ይሆናል፤ ባይልክ ኩራት ይሆናል። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው መፍትሔ አማትየው ራሳቸው እስኪልኩ መጠበቅ ነው። ተቀብሎ ካበቃ በኋላ ደግሞ የሌሊት የኳስ ስድቡን ማን እንደሚያነብበት ያስታውሳል። በመጋቢት 2010 ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ጥሎ ሲያልፍ፣ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ጽፈው የማያውቁ የተከበሩ ሰዎች ሁሉ በዚያች ሌሊት ምን ምን እንዳሉ አማቾቻቸው አይተዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ምን ይለጠፍ፣ ለማን ይታይ የሚለው ነው። ፌስቡክ ለዚህ ያዘጋጀው መቆለፊያ አለ፤ ለሁሉም፣ ለጓደኞች፣ ለእኔ ብቻ እያለ ያስመርጣል። መቆለፊያውን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ሰው ገመናውን ከባዕድ ሰውሮ ለወዳጁ እንደሚያሳይ ነው። ቦምቤ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ካናዳ ያለ የማይታወቅ ሰው የአንድን ገበሬ አዲስ በሬ ቢያይ ምን ያመጣል? ጉዳቱ ያለው አጎት ሲያየው ነው። በሬው የተገዛው ለአጎት «ዘንድሮ እጅ አጥሮኛል» ከተባለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል። ዕቁብ ሰብሳቢው፣ ብድር ጠያቂው፣ የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ኮሚቴው፣ በመሬት ወሰን ሽማግሌ ይዞ ያለው ወንድም፣ ሁሉም «ጓደኞች» የሚለው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ከእነሱ አንድ በአንድ እየነጠሉ መደበቅ የሚያስችል ማስተካከያም አለ፤ ግን ከተደበቀባቸው መካከል አንዱ የሌላውን ስልክ ካየ፣ በሬው ከመታየቱ ይልቅ መደበቁ ትልቅ ወሬ ይሆናል። ነፍሰ ጡር መሆንን፣ የሕፃን ፎቶን፣ የቪዛ ነገርን ሳይጨርሱ አለማውራት ደግሞ ከፌስቡክ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። ዓይን እንዳይበላው ይባላል። የሲሊከን ቫሊ መሐንዲሶች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የደረሱበትን «ለእኔ ብቻ» የሚለውን ቁልፍ አያቶች በዚህች አንድ አነጋገር ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

በጊፋታ ሰሞን ይህ ጥንቃቄ ሁሉ ይፈርሳል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል፤ ከተማ የሄደው ልጅ ይመለሳል፣ ለሰንጋ መግዣ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ የቆዩ ጎረቤቶች ቅርጫ ይገባሉ። ሳይወድ የገባው ሰው ራሱ ምንም ባይለጥፍ፣ ጥሬ ሥጋውን በዳጣ እያጠቀሰ አፉን ከፍቶ ሳለ የወንድሙ ልጅ ያነሳዋል፣ ስሙንም ታግ ያደርጋል። ምስሉን ሶዶም፣ አዲስ አበባም፣ ደርባንም ያዩታል። በዚያው ሳምንት ሕመም ፈቃድ ላይ ከነበረ መሥሪያ ቤቱም ያየዋል። ታግ የተደረገበት ምስል በስሙ ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት አስቀድሞ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ ምስሉ በወንድሙ ልጅ ገጽ ላይ እንዳይወጣ ግን አያደርግም። ለዚያ የሚረዳው የወንድምን ልጅ በአካል ማስፈራራት ነው።

ከሁሉ የከበደው የመርዶ ጉዳይ ነው፤ ቀልድም ይቀንሳል። በአገሩ ልማድ የሞት ወሬ ዝም ብሎ አይወረወርም። ሩቅ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ካለ ሽማግሌ ተመርጦ ማለዳ ይኬዳል፤ ጎረቤቱ ቀድሞ ይሰማል፣ ሰውየው ብቻውን ሳለ እንዳይደነግጥ ሰው ይሰበሰባል። መንገድ ላይ ያለ ከሆነ «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ና» ተብሎ ይጠራል፤ እውነቱን የሚሰማው ደጃፍ ሲደርስ፣ የሚይዙት እጆች አጠገቡ ሲሆኑ ነው። ይህ ሥርዓት የሚቆመው ወሬው ከሽማግሌዎቹ ካልቀደመ ብቻ ነው። አሁን ሟች ገና ሳይገነዙ ከቤተ ዘመዱ አንዱ ወጣት፣ በክፋት ሳይሆን በሐዘን፣ ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጥፋል። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ የእናቱን ፎቶ ያያል፤ ከሥሩ አርባ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሏል። ወደ ቤት ይደውላል፣ ማንም አያነሳም፤ ሽማግሌ ሳይመረጥ ምን ብለው ያንሱ? ስለዚህ አንዳንድ ቤት ከለቅሶው ድንኳን በፊት አንድ ዘመድ ስልክ ይዞ ይቀመጣል፤ ለጠፈ የተባለውን ሁሉ እየደወለ «አጥፋው፣ ጆበርግ ያለው አልሰማም» ይላል። ሩቅ ያለው በወግ ከተረዳ በኋላ «አሁን ይቻላል» ይባላል፣ ፎቶውም ይለቀቃል። ቦምቤ ላይ ኦንላይን ማጋራትን ማስተዳደር የሚባል ሙያ ካለ ይህ ነው፤ የተማሩበት ትምህርት ቤትም የለም።

በዚሁ ጉዳይ አንድ ነገር ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ፌስቡክ ላይ ለየትኛውም ወሬ የሚሰጠው ምልክት ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ «አባቴን አጣሁ» ለሚል ጽሑፍ መቶ ሰው «ወድጄዋለሁ» ሲል ይውል ነበር። በዚያ ዓመት የሚያለቅሰውና የሚቆጣው ፊት ተጨመሩ። ዘግይተው የገቡት ከዚህ ኀፍረት ድነዋል፤ መዘግየታቸው ካተረፈላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚጠፋው «አልሰማሁም» የሚባለው ጥንታዊ መብት ነው። ድሮ ገንዘብ የተበደረ ሰው ኔትወርክ አልነበረም፣ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው ይል ነበር፤ መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ሁለቱም ያስኬዳሉ። አሁን አበዳሪው ቴሌግራም ከፍቶ «ኦንላይን» የሚለውን ያያል። ዋትሳፕ ደግሞ መልእክቱ መነበቡን በሁለት ሰማያዊ ጭረት ይመሰክራል። ሁለቱንም መደበቅ ይቻላል፤ የሚገርመው ሳይወድ የገባ ሰው ከማስተካከያዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንኑ መሆኑ ነው። ፎቶ መላክ ሳይችል መጨረሻ የታየበትን ሰዓት መደበቅ የሚችል ሽማግሌ ካጋጠመ ዕዳ አለበት ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም።

ኩባንያዎቹ ያላሰቡት ሌላ መሰወሪያም አለ፤ ቋንቋ ነው። ወላይትኛ በደርግ ዘመን መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተሠራባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ያኔ የተጻፈው በፊደል ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ትምህርት ቤት የሚሰጠው በላቲን ነው። በዚህ የተነሳ በአንድ ቤት አያት በፊደል፣ የልጅ ልጅ በላቲን ያነባሉ። ልጁ ለአዲስ አበባ አሠሪው እንዲታይ የሚፈልገውን በአማርኛ፣ ለሰፈሩ ልጆች የሚለውን በወላይትኛ ላቲን ይጽፋል፤ አያትየው ቋንቋውን እያወቁት ፊደሉ ይጋርዳቸዋል። እሳቸውም የዋዛ አይደሉም፤ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሌላ የልጅ ልጅ ይጠራሉ።

ሕጉም የሚለው አለው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥፋቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱን ያከብዳል። ፌስቡክ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው የጓደኛ ቁጥር 5,000 ነው። ጓደኛ የሞላለት ሰው እንግዲህ ልክ ደፉ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ዋና ትኩረቱ የሰው መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማት ላይ ስለሆነ፣ የወንድም ልጅ ስለሚያነሳው የሥጋ ፎቶ ከእሱ ብዙ አይጠበቅም።

መንግሥት ራሱ በሩን የዘጋበት ጊዜም አለ። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝ፣ ድጋሚ ፈተና በተሰጠበት ክረምት ፌስቡክን ጨምሮ የተለያዩ መገናኛዎች ለቀናት ተዘጉ፤ የተሰጠውም ምክንያት ተማሪዎች እንዳይዘናጉ የሚል ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። ሳይወድ የገባ ሰው በዚህ ደስ ይለዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በተግባር የታየው ሌላ ነው፤ ያን የመሰለ ሰው በሳምንቱ ሞባይል ቤት ተመልሶ ቪፒኤን አስጫነ። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ በዚያም ወቅት ስብሰባ ይጠራ ነበርና።

ገብቶ መውጣት ለሚፈልግም መንገዱ የታወቀ ነው። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መውጣቱን መለጠፍ ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ፌስቡክ ተሰናብቻለሁ» ይልና ስንት ሰው እንዳዘነለት ለማየት ማታ ይመለሳል። የምር የሚፈልግ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ለጊዜው መዝጋት ወይም ለዘለቄታው መሰረዝ። ለዘለቄታው ሲሰርዝ ፌስቡክ የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል፤ በዚህ ውስጥ ባለቤቱ ተመልሶ ገብቶ ሐሳቡን ከቀየረ ስረዛው ይቀራል፣ ካልተመለሰ ይጠፋል። በ30 ቀን ውስጥ ቦምቤ ላይ ቢያንስ አንድ ሠርግ፣ አንድ ቀብርና ሁለት አስቸኳይ ስብሰባ ስለሚኖር፣ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ሰው ጥቂት ነው። ከዘለቀ በኋላ የሚቀረው ሥራ ልጆቹ በስሙ የከፈቱትን ሌላውን አካውንት ማግኘት ነው።